እስትንፋስ የሚመራው ዮጋ፦ ቪንያሳ ለሰውነትና ለአእምሮ ምን ይጠቅማል?

ቪንያሳ በሚባለው የዮጋ ዘርፍ ሰውነት የሚንቀሳቀሰው እስትንፋስ ሲፈቅድለት ነው። አየር ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር ክንዶች ወደ ላይ መነሣት ይጀምራሉ፤ አየሩ ገብቶ ሲያበቃ ክንዶቹም ከላይ ይደርሳሉ። አየር መውጣት ሲጀምር ሰውነት ከዳሌው ወደ ፊት መታጠፍ ይጀምራል፤ ትንፋሹ ተሟጦ ሲወጣ መታጠፉም ያበቃል። እንዲህ እያለ አንዱ አቋም ሳይቋረጥ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም ሙዚቃ ወይም ሰዓት ሳይሆን የተለማማጁ የራሱ ሳንባ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ልምምድ የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፍ ደግሞ አቋሙን እንጂ እስትንፋሱን አያሳይም። በዚህ ምክንያት የቪንያሳ ጥቅም ሰውነትን ማፍታታትና ማላብ ብቻ ነው የሚል ግንዛቤ ሰፍኗል። እንቅስቃሴው ራሱ ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ቪንያሳን ከሌሎች የአካል ብቃት ልምምዶች የሚለየው ጥቅም የሚመነጨው እንቅስቃሴው እስትንፋስን ከመከተሉ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ሰውነት ቀድሞ እስትንፋስ ከኋላው ሲያለከልክ፣ ያ ልዩ ጥቅም ይጠፋል። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ጥቂት ታሪክና ብዙ የሰውነት አሠራር ማየት ያስፈልጋል።

የዮጋ ትምህርት በህንድ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የቆየ ነው። ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ግን በአብዛኛው የሚናገሩት አእምሮን ስለ መግራት፣ ጸንቶ ስለ መቀመጥና እስትንፋስን ስለ መግዛት እንጂ ዛሬ በልምምድ ክፍሎች ስለሚታየው የአቋሞች ሰንሰለት አይደለም። ሰንሰለቱ አሁን የምናውቀውን ቅርጽ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሲሆን፣ ከዚህ ጋር ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው መምህር ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ (እ.ኤ.አ. 1888–1989) ነው። ክሪሽናማቻርያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ህንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት በንጉሡ ድጋፍ ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹ በአብዛኛው ታዳጊዎችና ወጣቶች ስለ ነበሩም ትምህርቱ ጉልበት የሚጠይቅና ቶሎ ቶሎ የሚሸጋገር ነበር። ከእርሱ ከተማሩት መካከል ፓታቢ ጆይስ (1915–2009) የአቋሞቹን ቅደም ተከተል የማይለወጥ አድርጎ አሽታንጋ በሚል ስም ለዓለም አስተዋወቀ፤ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር (1918–2014) ደግሞ በእያንዳንዱ አቋም ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየትንና የአካል አሰላለፍን በጥንቃቄ ማስተካከልን መረጠ። የክሪሽናማቻርያ ልጅ ዴሲካቻር (1938–2016) በበኩሉ ልምምዱ በሰውየው ዕድሜ፣ ጤናና የመተንፈስ አቅም ልክ መሆን እንዳለበት አጥብቆ አስተማረ።

ይህ ታሪክ ለዛሬ ጀማሪ ትልቅ ትርጉም አለው። በቪዲዮ የሚታየው ፈጣን ቪንያሳ ሥሩ ለወጣቶች ከታሰበ ልምምድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል የ45 ዓመት ሰው በዚያ ፍጥነት መሄድ ቢያቅተው ጉድለቱ የመለኪያው እንጂ የእርሱ አይደለም። ከአንድ መምህር እጅ እንዲህ የተለያዩ መንገዶች መውጣታቸውም ልምምዱ ለሰው እንደሚስተካከል እንጂ ሰው ለልምምዱ እንደማይታጠፍ ያመለክታል።

እስትንፋስ መሪ የሆነበት ምክንያት

ሳናዝዛቸው ከሚከናወኑት የሰውነት ሥራዎች መካከል በፈቃዳችን ልንገባባቸው የምንችለው በጣም ጥቂቶቹን ነው። የልብን ምት በቀጥታ ማዘዝ አይቻልም፤ የደም ሥሮችን መጥበብና መስፋትም ሆነ የአንጀትን እንቅስቃሴ እንዲሁ። መተንፈስ ግን ሁለት አዛዥ አለው። ስንተኛም ሆነ ስንረሳው በአንጎል ግንድ ውስጥ ያሉ ነርቮች ያስቀጥሉታል፤ ስንፈልግ ደግሞ ልናዘገየው፣ ልናረዝመው፣ ለአፍታም ልንገታው እንችላለን። እስትንፋስ ለማይታዘዘው የሰውነት ክፍል እንደ ልጓም ሊያገለግል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በግልጽ የሚታየው በልብ ላይ ነው። ጣቶቹን በእጁ አንጓ ላይ አሳርፎ የደም ሥሩን ምት የሚያዳምጥ ሰው በዝግታና በጥልቀት ሲተነፍስ፣ አየር ሲያስገባ ምቱ በመጠኑ እንደሚፈጥን፣ ሲያስወጣ ደግሞ እንደሚዘገይ ሊያስተውል ይችላል። ይህ የጤናማ ልብ ጠባይ ነው፤ በወጣቶች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱም ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለ ነርቭ ነው። ቬገስ ልብን የማዘግየት ሥራ አለው፤ አየር ስናስገባ ይህ ተጽዕኖው ይላላል፣ ስናስወጣ ይመለሳል። ስለዚህ የማስወጫውን ጊዜ ማርዘም ልብ በቬገስ ተጽዕኖ ሥር የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም ይሆናል። አስተማሪዎች ከልምድ ብቻ ተነሥተው «ማስወጣቱን አታቻኩሉ» ሲሉ የኖሩት ይህን ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የደም ግፊት ጉዳይ ይበልጥ ይደንቃል። ወደ አንጎል በሚወጡት የአንገት ደም ቅዳ ሥሮችና ከልብ በሚነሣው ትልቁ ደም ቅዳ ላይ የግፊትን ለውጥ የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊቱ ከፍ ሲል ልብ እንዲዘገይና የደም ሥሮች እንዲሰፉ የሚያደርግ መልእክት ያመነጫሉ፤ ዝቅ ሲል ተቃራኒው ይሆናል። ማስተካከያው ግን በቅጽበት አይጠናቀቅም፤ አንዱ ዙር ዐሥር ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ የሚተነፍስ ሰው እያንዳንዱ እስትንፋሱ ዐሥር ሰከንድ ስለሚወስድ፣ የእስትንፋሱ ሞገድና የግፊት ማስተካከያው ሞገድ ይገጥማሉ፤ ሲገጥሙም አንዱ ሌላውን ያጎለብተዋል። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በላቲን የሚደገም የካቶሊክ የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል የጸሎት ቃል) ሁለቱም የተለማማጆቹን እስትንፋስ በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንዳወረዱትና የዚህን ማስተካከያ ንቃት እንደ ጨመሩ አሳይተዋል። እጅግ ተራርቀው የተወለዱ ሁለት የጸሎት ልማዶች ማንም ሳይቆጥርላቸው በአንድ ፍጥነት መገናኘታቸው፣ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ ከመሣሪያ በፊት ብዙ ያውቅ እንደ ነበር ያስረዳኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት መባል አለበት። ጎልማሳ ሰው በእረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሰውነት በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ጡንቻዎች ተጨማሪ አየር ስለሚጠይቁ ፍጥነቱ ይጨምራል። ስለዚህ በጠንካራ የቪንያሳ ልምምድ መካከል በደቂቃ ስድስት ጊዜ ብቻ እተነፍሳለሁ ማለት ለአብዛኛው ሰው የማይቻል ነው፤ መሞከሩም አስጨናቂ ነው። ልምምዱ የሚጠይቀው ሰውነቱ እየሠራም እስትንፋሱ ሳይቆራረጥና ሳይንቀጠቀጥ፣ ሥራው ከሚያስገድደው በላይ ሳይፈጥን እንዲቀጥል ነው። ወደ ስድስቱ የሚጠጋው ዝግታ በአጀማመሩ፣ ረዘም ተደርገው በሚያዙት አቋሞችና በመጨረሻው እረፍት ላይ በራሱ ይመጣል።

የዝግታው ጥቅም በሒሳብም ሊታይ ይችላል። በእረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ በአንድ እስትንፋስ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ አየር ያስገባል። ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ይቀርና ኦክስጂን ወደ ደም ከሚተላለፍባቸው ትንንሽ የሳንባ ከረጢቶች ሳይደርስ ተመልሶ ይወጣል። በደቂቃ 12 ጊዜ 500 ሚሊ ሊትር የሚያስገባ ሰው ስድስት ሊትር አየር አንቀሳቅሶ ወደ ከረጢቶቹ የሚያደርሰው 4,200 ሚሊ ሊትር ነው። በደቂቃ 6 ጊዜ 1,000 ሚሊ ሊትር የሚያስገባ ሰው ግን ያንኑ ስድስት ሊትር አንቀሳቅሶ 5,100 ሚሊ ሊትር ያደርሳል። ድካሙ በሊትር ሲለካ እኩል ነው፤ የሚደርሰው አየር ግን በ900 ሚሊ ሊትር ይበልጣል።

ከዚህ ሒሳብ ተነሥቶ «ጥልቅ መተንፈስ ደምን በኦክስጂን ይሞላል» የሚለውን የተለመደ አባባል መቀበል ግን ስሕተት ነው። የጤነኛ ሰው ደም ምንም ሳይለማመድም ከ95 በመቶ በላይ በኦክስጂን የተሞላ ስለሆነ የሚጨመርበት ቦታ እምብዛም የለውም። ይልቁንም ሰውነት ከሚፈልገው በላይ በፍጥነትና በጥልቀት የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከመጠን በላይ ያወጣል፤ የዚህ ጋዝ መጠን በደም ውስጥ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ያዞራል፣ ጣቶችና ከንፈር ይደነዝዛሉ። ጀማሪዎች ይህን ስሜት «ኃይል ገባልኝ» ብለው ሲተረጉሙት ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒ ነው፣ ልምምዱን ማዘግየት እንደሚገባ የሚናገር ምልክት ነው። ከዝግታ የሚገኘው እውነተኛ ትርፍ ሰውነት የሚያስፈልገውን አየር በአነስተኛ ድካም ማግኘቱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በልኩ መቆየቱ ነው።

ስለ አእምሮ መረጋጋት የምናውቀው ከልብ ያነሰ ቢሆንም አንድ አስገራሚ ፍንጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የመተንፈስን ምት በሚያመነጨው የአንጎል ግንድ ስፍራ ውስጥ ያሉ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ንቃትን ለሚቆጣጠር ሌላ የአንጎል ክፍል መልእክት እንደሚያደርሱ አሳየ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ሕዋሳት ለይተው ሲያስወግዱ አይጦቹ መተንፈሳቸውን ቢቀጥሉም ከወትሮው ይልቅ የተረጋጉና ዝግ ያሉ ሆኑ። የአይጥ አንጎል የሰው አንጎል አይደለምና መደምደሚያ አይወጣበትም፤ ሆኖም አንጎል የራሱን እስትንፋስ እንደሚያዳምጥና ከፍጥነቱ ተነሥቶ የንቃቱን መጠን ሊወስን እንደሚችል ያመላክታል።

እንቅስቃሴው ከእስትንፋሱ ጋር እንዴት ተጣመረ?

በቪንያሳ ማስገባትና ማስወጣት ለእንቅስቃሴዎች የተመደቡት በዘፈቀደ አይደለም። አየር ሲገባ ድያፍራም የተባለው ከሳንባ ሥር የተዘረጋ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶች ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ የላይኛው ጀርባም ለመቃናት ይመቸዋል። ስለዚህ ክንድን ማንሣት፣ ደረትን መክፈትና ጀርባን ወደ ኋላ መለመጥ ከማስገባት ጋር ይሄዳሉ። አየር ሲወጣ ድያፍራም ወደ ላይ ይመለሳል፣ የጎድን አጥንቶች ይሰበሰባሉ፣ ሆድም ወደ ውስጥ ይገባል፤ መታጠፍና መጠምዘዝ ከማስወጣት ጋር የተጣመሩት ለዚህ ነው። ይህን ጥምረት ገልብጦ የሞከረ ሰው፣ ማለትም አየር እያስገባ ወደ ፊት ለመታጠፍ የታገለ፣ ሰውነቱ እንዴት እንደሚቃወም ወዲያው ይረዳል።

ድያፍራም ከመተንፈስ ሌላ ሥራም አለው። የኋላ ሥሮቹ በወገብ አከርካሪ አጥንቶች ላይ የተተከሉ በመሆናቸው፣ ከሆድ ጡንቻዎችና ከዳሌ ወለል ጡንቻዎች ጋር ተባብሮ በሆድ ዕቃ ውስጥ ግፊት በመፍጠር ወገብን ይደግፋል። የሰውነት ክብደት በክንድ ላይ በሚያርፍባቸው ሽግግሮች ይህ ድጋፍ በእጅጉ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ግን ሥራው ሲከብድበት ሳያውቀው ትንፋሹን ያፍናል፤ ትንፋሽ ታፍኖ ሲታገሉ ደግሞ የደም ግፊት ድንገት ያሻቅባል። ከባዱን ክፍል ዝግ ብሎ ከሚወጣ አየር ጋር ማያያዝ ይህን ልማድ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ልማዱም ከምንጣፉ ላይ አልፎ ዕቃ በማንሣትና ደረጃ በመውጣት ጊዜ ይታያል።

የዚህ ሁሉ መሠረታዊ ምሳሌ ሱርያ ናማስካር ወይም የፀሐይ ሰላምታ የሚባለው ዙር ነው። ተለማማጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየር እያስገባ ክንዶቹን ያነሣል፤ እያስወጣ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ እያስገባ ደረቱን በግማሽ ቀና ያደርጋል፤ እያስወጣ እጆቹን ምንጣፉ ላይ ተክሎ እግሮቹን ወደ ኋላ በመውሰድ ክርኖቹን አጥፎ ሰውነቱን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ ዝቅ ያደርጋል፤ እያስገባ ደረቱን ወደ ፊትና ወደ ላይ ይከፍታል፤ እያስወጣ ዳሌውን ወደ ላይ ገፍቶ ሁለት እጅና ሁለት እግሩ መሬት የረገጡበትን አቋም ይይዛል። በዚያ አቋም አምስት ያህል እስትንፋስ ከቆየ በኋላ በመጣበት መንገድ ወደ መቆም ይመለሳል። በዚህ አጭር ዙር ውስጥ አከርካሪው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ተንቀሳቅሷል፤ ትከሻ፣ ክንድ፣ ሆድና ጭን ክብደት ተሸክመዋል፤ የታፋ ኋላና ባት ተወጥረዋል፤ ራስም ከልብ በላይና በታች ተፈራርቋል። አምስት እስትንፋስ ከሚቆዩበት አቋም በቀር እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ እስትንፋስ ርዝመት ያልበለጠ በመሆኑ ድካሙ ሳይከማች ይሠራጫል።

ስለ መተጣጠፍ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ለሳምንታት የተለማመደ ሰው እጁ ወለል መንካት ሲጀምር ጡንቻዬ ረዘመ ብሎ ያስባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚገኘው ለውጥ አብዛኛው ግን የሚመጣው የነርቭ ሥርዓቱ መወጠርን ይበልጥ መታገሥ በመማሩ ነው። ጡንቻ ገደቡ ላይ ሲደርስ የሚሰማው የማስጠንቀቂያ ስሜት ቀደም ሲል ቶሎ ይመጣ የነበረው አሁን ይዘገያል። ይህን ስንረዳ እስትንፋስ በመወጠር ውስጥ ያለው ሚና ይገለጣል፤ ትንፋሹን አፍኖ፣ ፊቱን አጨማድዶ፣ በኃይል የሚጎትት ሰው ሰውነቱን አደጋ ውስጥ እንዳለ እያሳመነው ነው፤ በረጅም ማስወጣት ታጅቦ ጥቂት በጥቂት የሚገባው ግን ያን ማስጠንቀቂያ የሚያረግብ ሁኔታ ይፈጥራል። በእኔ እምነት ቀስ ብሎ መግባት ከትዕግሥት ጠባይ የመጣ ምክር ብቻ አይደለም፤ ከሰውነት አሠራር የተነሣ አስፈላጊነት ነው።

ለልብና ለሳንባ ብርታት የሚሰጠው ጥቅም እንደ ልምምዱ ዓይነት ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ጎልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠናክር ሥራ እንዲጨምሩ ይመክራል። ዝግ ያለ ዮጋ በአብዛኛው ከመካከለኛው በታች ይመደባል፤ ሳይቋረጥ የሚደጋገም የፀሐይ ሰላምታ ግን ወደ መካከለኛው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለስለስ ያለ ቪንያሳ የሚሠራ ሰው ፈጣን የእግር ጉዞ ወይም ሌላ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ቢጨምርበት ይሻለዋል።

ትኩረትን በተመለከተ የቪንያሳ ብልኃት ቀላልና ጥልቅ ነው። ዝም ብለህ ተቀምጠህ ሐሳብህን ሰብስብ የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሐሳቡ ጋር ሲታገል ይውላል። እዚህ ግን አእምሮ የሚይዘው ሥራ ተሰጥቶታል፤ የእስትንፋሱን መጀመሪያና መጨረሻ ከእንቅስቃሴው መጀመሪያና መጨረሻ ጋር ማገናኘት አለበት። ሐሳቡ ሲባዝን እንቅስቃሴው ከእስትንፋሱ ይነጠላል፤ መነጠሉም ወዲያው ስለሚታወቅ መመለስ ይቻላል። ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች መቀመጥ አቅቷቸው ይህን ልምምድ የሚወዱት ሰውነታቸው ሥራ ሲያገኝ አእምሯቸውም ስለሚያርፍ ነው።

ማስረጃው እስከ ምን ድረስ ይሄዳል?

ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው በወገብ ሕመም ላይ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የወገብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መንገዶች መካከል ዮጋን አካትቷል። በዚያው ዓመት 320 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ለ12 ሳምንታት የተሰጠ የዮጋ ትምህርት ሕመምን በመቀነስና እንቅስቃሴን በማሻሻል ከፊዚዮቴራፒ እንደማያንስ አሳይቷል። በሌላ በኩል የደም ግፊት መጠነኛ መውረድ፣ የጭንቀት ስሜትና የእንቅልፍ መሻሻል በብዙ ጥናቶች ታይተዋል፤ ለውጡ ግን አነስተኛ ወይም መካከለኛ ነው፤ የጥናቶቹም ጥራት እኩል አይደለም። በተለይ መታወቅ ያለበት አብዛኞቹ ጥናቶች ለስላሳ ዮጋን ወይም የተለያዩ ዘርፎች ቅልቅልን የተመለከቱ በመሆናቸው ውጤታቸው በፈጣኑ ቪንያሳ ላይ እንዳለ ሊገለበጥ የማይችል መሆኑ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልምምድ ጀመርኩ ብሎ መድኃኒቱን ማቆም የለበትም።

መጠምዘዝ «መርዝን ከሰውነት ያስወጣል» የሚለው ንግግር ደግሞ መተው ይኖርበታል። ደምን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሥራቸውን የሚሠሩትም ሰው ቢጠማዘዝም ባይጠማዘዝም ነው። መልካም ልምምድ የሌለውን ጥቅም በማውራት መደገፍ አያስፈልገውም፤ እንዲህ ያለው ንግግር እውነተኛውን ጥቅም በጥርጣሬ እንዲታይ ያደርገዋል።

ጥንቃቄና አጀማመር

በቪንያሳ ጉዳት የሚበዛው በድግግሞሽ ነው። ክርንን አጥፎ ሰውነትን ዝቅ ማድረግ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ትከሻው ከክርኑ በታች የሚወርድበት ወይም ወገቡ የሚሰረጉድበት ሰው ስሕተቱን በየዙሩ ይደግመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጉልበትን መሬት ማስነካት ክብደቱን በእጅጉ ያቀለዋል፣ አቋሙንም አያጎድለውም። የእጅ አንጓቸውን የሚያማቸው በክርናቸው ተደግፈው ሊሠሩ ይችላሉ። የታፋ ኋላ ሲወጠር ሕመሙ በመቀመጫ አጥንት ላይ ከተሰማ ጅማቱ እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ጉልበትን አጠፍ ማድረግ ይገባል። መገጣጠሚያዎቻቸው በተፈጥሮ ከልክ በላይ የሚታጠፉ ሰዎች ደግሞ አቋሞቹ ስለሚቀሉላቸው ብዙ ይገፋሉ፤ እነርሱ የሚያስፈልጋቸው ጡንቻን አጥብቆ ከገደብ በፊት መቆም ነው።

ራስ ከልብ በታች የሚሆንባቸው አቋሞች በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምሩ ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊሠራቸው አይገባም። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም ነርቭን የነካ የአከርካሪ ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ሆድን የሚጫኑ መጠምዘዞችን፣ በሆድ መተኛትንና ትንፋሽን መያዝን ትተው ለእርግዝና በተዘጋጀ ክፍል ቢማሩ ይመረጣል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ከሚገመተው ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክንድን በማስገባት ማንሣትና በማስወጣት ማውረድ ብቻውን በቂ ልምምድ ነው፤ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ አምስት ወይም ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። እስትንፋሱ በአፍንጫ ቢሆን ይመረጣል፤ አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያጣራል፣ ጠባብ በመሆኑም ፍጥነቱን በራሱ ይገታል። ኡጃዪ የሚባለውና ጉሮሮን በመጠኑ አጥብቦ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ እያሰሙ መተንፈስ ሌላው ረዳት ነው፤ ድምፁ ሲቆራረጥ ወይም ሲጎላ ተለማማጁ ከአቅሙ በላይ እየሄደ መሆኑን ይሰማል። ድምፁ ለራስ ያህል እንጂ ለጎረቤት ምንጣፍ መሰማት የለበትም፤ ጉሮሮን አጥብቆ ማነቅም ከዓላማው ያርቃል።

ክንዱና እስትንፋሱ መገጣጠም ሲለምዱ ወደ ፊት መታጠፍ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉው ዙር ይከተላል። መለኪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አፍ ሳይከፈት፣ እስትንፋስ ሳይቆራረጥ መቀጠል ከተቻለ ፍጥነቱ ትክክል ነው፤ ካልተቻለ ጉልበትን መሬት ማድረግ፣ አንድ ሽግግር መዝለል ወይም ተንበርክኮ ግንባርን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ እስትንፋሱ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ የሚሠራ የሃያ ደቂቃ ልምምድ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚሠራ ረጅምና አድካሚ ልምምድ ይልቅ እስትንፋስን ያሠለጥናል። በመጨረሻ በጀርባ ተኝቶ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ማረፍ መዘለል የለበትም፤ በእንቅስቃሴው የፈጠነው ልብና እስትንፋስ ወደ እረፍታቸው የሚመለሱት በዚያ ጊዜ ነው።

አስተማሪ የሚመርጥ ሰው ከአቋሞቹ ውበት ይልቅ አስተማሪው ምን እንደሚናገር ቢያዳምጥ ይጠቅመዋል። እስትንፋስን በግልጽ የሚያስታውቅ፣ «አስገቡ» ብሎ ለማስገባት የሚበቃ ጊዜ የሚሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ከባድ ክፍል ቀለል ያለ አማራጭ የሚያሳይ፣ በእጅ ነክቶ ከማስተካከሉ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅ አስተማሪ አስተማማኝ ነው። ተማሪውም በበኩሉ ያለበትን ሕመም፣ የቆየ ጉዳት ወይም እርግዝና ክፍለ ጊዜው ከመጀመሩ በፊት መንገር ይኖርበታል፤ አስተማሪው የአቋም አማራጮችን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነውና።